ለወላጆች፦ ስለ ዘንድሮው ሚያዝያ 27 አከባበርና ስለ ልጆቻችሁ የቅዳሜ ሥራ

ይድረስ ለተማሪ ወላጆችና አሳዳጊዎች
አዳማ

ውድ ወላጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ሰሞኑን በር ላይ ያገኛችሁኝ አንዳንዶቻችሁ «ዘንድሮ የአርበኞች በዓል ቀረ እንዴ?» ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። በዓሉ አልቀረም፤ መድረኩን ነው ያስቀረነው። ድንኳን አንተክልም፣ ድምፅ ማጉያ አንከራይም፣ ሽማግሌዎችን በአዳማ ፀሐይ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ደርድረን ንግግር አናስደምጥም። በዚያ ፋንታ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች በሚያዝያና በግንቦት ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ወደ ዘማቾች ቤት ሄደው ይሠራሉ። ምክንያቱን ልንገራችሁ፤ ከዚያ ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ።

ሐሳቡን የሰጡን አንድ የካራማራ ዘማች ናቸው። ስማቸውን ሳላስፈቅድ አልጽፍም። አምና በበዓሉ ጋቢ አልብሰን፣ በመስታወት የተገጠመ ምስክር ወረቀት ሰጥተን፣ አጨብጭበን ሸኘናቸው። ትንሽ ቆይቶ ሁለት መምህራን ለሌላ ጉዳይ ወደ ቤታቸው ጎራ አሉ። ምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እሳቸው ባዶ ቢጫ ጀሪካን ይዘው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ውኃ ሌሊት መጥቶ ሄዷል፤ የሚቀዳላቸው ሰው አልነበረም። ቦኖው ደግሞ ዳገቱ ላይ ነው፤ ጉልበታቸው ውስጥ እስከ ዛሬ ያልወጣ ፍንጣሪ አለ። መምህራኑ ቀድተው ሲመለሱ አባታችን ሳቅ ብለው «ለከርሞ እንዲህ ያለውን ሽልማት አምጡልኝ» አሉ። እኛም እሺ ብለናል።

ልጆቻችሁን «አርበኛ ሳሉ» በሏቸው። ጎፈር፣ ጋሻና ጦር ይሥሉላችኋል። አልተሳሳቱም። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ነው፤ ጣሊያን ከተማዋን በያዘ ልክ በአምስተኛ ዓመቱ። ግን ያን ጊዜ የሃያ ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ ቢኖር መቶን አልፏል። ልጆቹ ዛሬ በአካል የሚያገኙት ዘማች ሌላ ነው። የኮሪያ ከሆነ ዘጠናን ዘልሏል። የካራማራ ከሆነ ሰባ ዓመት አካባቢ ነው። የባድመ ዘማች ደግሞ ገና ልጅ የሚያስተምር ጎልማሳ ነው፤ ምናልባትም ዛሬ ጠዋት ልጃችሁን ያደረሰው ባለ ባጃጅ ይሆናል።

የኮሪያው ነገር ከተማችንንም ስለሚነካ ትንሽ ልቆይበት። ኮሪያ የዘመተው ጦራችን፣ የቃኘው ሻለቃ፣ ሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ የተነሣው በባቡር ነው። ወደ ጅቡቲ ይወስድ የነበረው አሮጌው ሐዲድ በኛው በኩል፣ በያኔዋ ናዝሬት ያልፍ ነበር። ከጅቡቲ በመርከብ ኮሪያ ገቡ። በዙር በዙር ከ6 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ዘምተዋል። ከ120 በላይ ሞተዋል፣ ከ500 በላይ ቆስለዋል፣ የተማረከ ግን አንድም የለም። ይህን ልጆቹ ያውቁታል፤ ደረታቸውን ነፍተው ይናገሩታል። ብዙ የማይወራው ሌላው ነው። ወታደሮቹ ዶንግዱቼን በምትባል ከተማ ቦህዋ የሚባል ማሳደጊያ ከፍተው፣ ጦርነቱ ወላጅ ያሳጣቸውን ሕፃናት ከደመወዛቸው እያዋጡ ያበሉ፣ ያለብሱ ነበር። የወታደር ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። እኔ ስለ ቃኘው ሳስተምር ከተራራው ውጊያ በፊት የማስቀድመው ይህን ነው። እነዚሁ ሰዎች በኋላ ደርግ ሲመጣ «ከኮሚኒስት ጋር የተዋጉ» ተብለው፣ ብዙዎቹ ሜዳሊያቸውን ደብቀው ኖረዋል።

ሰው ማገልገል ለኛ አገር ተማሪ አዲስ አይደለም። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርዶ ያገለግል ነበር፤ አብዛኛውም ያስተምር ነበር። በ1967 በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ገጠር ወርደዋል። ከአያቶቻቸው መካከል የዚያ ዘማች የነበረ ልጅ አይጠፋም፤ ይጠይቋቸው። ብዙ መልካም ነገር ተሠርቶበታል፤ ግን ግዴታ ነበር። በግዴታ የሚሠራ በጎ ነገር ልጅ ላይ ምሬት ያሳድራል ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ የኛ በውዴታ ብቻ ነው። ማርክም የለውም። ማርክ ካለው ልጁ ሽማግሌውን ትቶ ሰዓቱን ነው የሚቆጥረው። ሠፈራችን ቢሆን በደቦና በቡሳ ጎኖፋ፣ በኦሮሞ የመረዳጃ ባህል፣ የኖረ ነው፤ ማርክ የሰጠው የለም።

የምንሄድባቸውን ቤቶች የነገሩን የየሠፈሩ እድሮች ናቸው። ማን ብቻውን እንደሚኖር ከእድር የበለጠ የሚያውቅ የለም። በዝርዝሩ ውስጥ እናቶችም አሉ። የዘመቱ አሉ፤ ባላቸው ዘምቶ ሳይመለስ ልጅ ያሳደጉም አሉ። ለኔ ሁለቱም እኩል ናቸው።

አንድ ወላጅ «ልጄን የላክሁት ሊማር እንጂ የሰው ጀሪካን ሊሸከም አይደለም» ብለውኛል። አልሸሽግም፣ ጀሪካን አለበት። ግቢ መጥረግ፣ መድኃኒት ቤት መላክ፣ ጡረታ በሚቀበሉበት ቀን ባንክ ወረፋ መያዝም አለበት። ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ደብዳቤና የሐኪም ወረቀት ማንበብም አለ፤ አማርኛም ይሁን አፋን ኦሮሞ። ፈቃደኛ ከሆኑ የሚያወሩትን ልጆቹ ይጽፋሉ። ይህ ትምህርት ካልሆነ ትምህርት ምን እንደሆነ እኔም ግራ ይገባኛል።

ልጆቹ አራት አራት ሆነው ከመምህር ጋር ይሄዳሉ፤ ብቻውን የሚገባ የለም። ቤት ውስጥ ፎቶ አንሥቶ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ ክልክል ነው። የቴሌብርም ሆነ የባንክ የሚስጥር ቁጥር መንካት የለም፤ ባለቤቱ ለምነው ቢሰጡ እንኳ። «ስንት ሰው ገደሉ?» የሚል ጥያቄም አይጠየቅም። ይህን በተለይ እናንተ ቤት ውስጥ ንገሩልኝ። ልጆች ፊልም ስለሚያዩ ጥያቄው አፋቸው ላይ ነው ያለው፤ ለሰውዬው ግን ሌሊት እንቅልፍ የሚነሣ ሊሆን ይችላል።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ከመካከላችን በቅርቡ ጦርነት ልጁን፣ ወንድሙን ወይም እኅቷን ያጣ ወላጅ አለ። አንዱ ጀግና የሚለውን ሌላው ሲሰማ የሚያመው አለ። የትኛው ጦርነት ተገቢ ነበር የሚለውን ክርክር ይዘን የማንም ደጃፍ አንደርስም። መምህራኑም ይህን ተነጋግረውበታል። የምናገለግለው ያረጀውን፣ የተጎዳውንና ብቻውን የቀረውን ሰው ነው። ልጃችሁ እንዳይሄድ ከፈለጋችሁ ቅጹ ላይ «አይሄድም» ብሎ መጻፍ በቂ ነው፤ ምክንያት አንጠይቅም። ራሳችሁ ዘማች ከሆናችሁም ያው ነው። መጥታችሁ ለልጆቹ ብታወሩ ደስ ይለናል፤ ዝም ማለት ከመረጣችሁ ደግሞ ጣቱን የሚቀስርባችሁ የለም።

ገንዘብ አትላኩ። ሳሙና፣ ዘይት ወይም ስኳር መላክ የምትፈልጉ በልጆቹ እጅ ሳይሆን በወላጅ መምህር ኮሚቴ በኩል አስረክቡ፤ እድሮቹ ለማን እንደሚያስፈልግ ያውቃሉ።

የፈቃድ ቅጹ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል። ፈርማችሁ እስከ ዓርብ ለክፍል ኃላፊው መምህር መልሱ። ቅዳሜ ልጆቹ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ግቢ ይገኛሉ፤ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ይመለሳሉ። ኮፍያ ይልበሱ፣ ውኃ ይያዙ። አዲስ ጫማ አታልብሷቸው፤ ይጭቀያል።

ከሰላምታ ጋር
ርዕሰ መምህር