ዝሆን ሳናይ የተመለስንበት ዓመት፦ የቱሪዝምና የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ያለፉት ዓመታት የክበባችን ዘገባዎች በችግኝ ተከላ የተሞሉ ነበሩ። ዘንድሮም ተክለናል፤ ከተከልነው ግማሹን ፍየል በልቶታል፤ ቀሪው ደኅና ነው። ስለ ችግኝ ከዚህ በላይ አልጽፍም። የዘንድሮው ዋና ሥራችን ቱሪስቶች ወደ ሰው አገር ሲሄዱ የሚከፍሉት ገንዘብ እንስሳትን ምን እንደሚያደርጋቸው ማጥናት ነበር።

ሐሳቡ የመጣው ከተማሪ ነው። በጥቅምት ስብሰባችን አንድ የአሥረኛ ክፍል አባል ዱባይ የምትኖር አክስቱ የላከችለትን ፎቶግራፍ በስልኩ አሳየን። በውድ መኪና የፊት ወንበር ላይ አቦሸማኔ ተቀምጧል፤ አንገቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ማሰሪያ አለ። "መምህር፣ ይህ ከእኛ አገር የሄደ ይሆን?" ብሎ ጠየቀ።

ስለዚያ አንድ አቦሸማኔ ሊመልስለት የሚችል ሰው አልነበረም። መንገዱ ግን የታወቀ ነው። ግልገሎቹ ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ከሶማሊያና ከሰሜን ኬንያ ይያዛሉ፤ በሶማሌላንድ ጠረፍ በጀልባ ተጭነው የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ይሻገሩና በየመን በኩል ወደ ሀብታሞቹ የዓረብ አገሮች ይገባሉ። ብዙዎቹ ገዢ እጅ ሳይደርሱ ይሞታሉ። የደረሱትም የማይስማማቸው ምግብ እየተሰጣቸው አጥንታቸው ይጣመማል። በመላው ዓለም በዱር የቀሩት ጎልማሳ አቦሸማኔዎች 7,000 አይሞሉም። ሳይተስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት በዱር የተያዘ አቦሸማኔን ለንግድ ድንበር ማሻገርን የከለከለው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1989 ስምምነቱን ተቀላቅላለች። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ባወጡት ሕግ አደገኛ የዱር እንስሳትን በግለሰብ ቤት ማቆየትን አግደዋል። ሕጉ ይህን ይበል እንጂ ፎቶግራፉ ዛሬም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። ያየ ሁሉ "እንዴት ያምራል!" ይላል፤ ለሻጩ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ማስታወቂያ የለም።

ሐረር ያደገ ልጅ ቱሪስት ማየት ብርቁ አይደለም። ካሜራ አንግቶ በጁገል ጠባብ መንገዶች የሚዞረውን እንግዳ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲታዘበው ኖሯል። ስለዚህ "እነዚህ ሰዎች ሌላ አገር ሲሄዱስ ምን ያደርጋሉ? የእኛ ሰዎችስ ሲሄዱ?" ብለን ስንጀምር ያልተሳበ አባል አልነበረም። በአራት ቡድን ተከፈልን፤ የሥነ ሕይወት ክፍል መምህራን በንባቡ ረዱን፤ ቤተ መጻሕፍቱ የሚሠሩለትን ሁለት ኮምፒውተሮች ለቀቀልን።

ብዙ የሠራው የዝሆን ቡድን ነው። ታይላንድ በተፈጥሮ ደኖቿ ውስጥ ግንድ መቁረጥን ያገደችው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው፤ ምክንያት የሆነውም ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት መጨረሻ ላይ በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል ደርሶ ብዙ ሰው የጨረሰው ጎርፍ ነው። እገዳው ለደኑ መልካም ሆነ። ግንድ ይጎትቱ የነበሩት ዝሆኖችና ነጂዎቻቸው ግን በአንድ ጊዜ ሥራ ፈቱ። ዝሆን በቀን ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ይበላል፤ ሥራ ፈትቶ የሚቀለብ ከብት አይደለም። ነጂዎቹ ወደ ከተማና ወደ ባሕር ዳርቻ ወረዱ፤ ቱሪስት ማሳፈር ተጀመረ። ዛሬ በአገሪቱ በሰው እጅ ያሉ ዝሆኖች ከ3,000 ይበልጣሉ፤ አብዛኞቹ የሚያድሩት በጎብኚ ገንዘብ ነው።

ቱሪስቱ የሚያየው ለማዳ ዝሆን ነው። ማላመዱን አያይም። ግልገሉ ከእናቱ ይለያል፤ በጠባብ የእንጨት ፍሬም ውስጥ በገመድ ይታሰራል፤ እስኪሸነፍ ድረስ በረኃብ፣ በእንቅልፍ እጦትና በሹል መንጠቆ ይገራል። አንድ ጊዜ የተሸነፈ ዝሆን ሰው ይሸከማል፣ ኳስ ይመታል፣ በኩምቢው ብሩሽ ይዞ ሥዕል ይሥላል። ቡድኑ ይህን ሲያቀርብ የአንዲት አባላችን እናት፣ ነጋዴ ናቸው፣ ዕቃ ለማምጣት ባንኮክ በሄዱ ጊዜ አስጎብኚያቸው ዝሆን ላይ ሊያስቀምጧቸው እንደነበርና እርሳቸው ከፍታ ስለሚፈሩ ብቻ እንደቀሩ ልጃቸው ነገረችን። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ይህን ታሪክ ወደድኩት፤ ለንግድም ለሕክምናም ከአገራችን ወደ ባንኮክ የሚጓዘው ሰው ብዙ ስለሆነ ጉዳዩ የፈረንጅ ብቻ እንዳልሆነ አሳይቶልናል።

አሁን መጋለቡን የተዉ ብዙ ቦታዎች አሉ። "ማገገሚያ" ወይም "መጠለያ" የሚል ሰሌዳ ሰቅለው ዝሆን ማጠብን ይሸጣሉ። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ላይ ይህን ደግፈውት ነበር፤ ማጠብ ምን ክፋት አለው? ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በየተራ የሚመጣ እንግዳ የሚያጥበው ዝሆን፣ ያንን ሁሉ ሰው ችሎ እንዲቆም እንደ ተጋላቢው መገራት አለበት። በታኅሣሥ ወር ደግሞ በደቡብ ታይላንድ ደሴት ላይ ዝሆን ስታጥብ የነበረች ስፔናዊት ጎብኚ በዝሆኑ ተወግታ መሞቷ በዜና ተሰማ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ቀረ።

ሰሌዳ ማመን እንደማይገባ የገባን ግን በታይላንዱ የካንቻናቡሪ የቡድሃ ገዳም ታሪክ ነው። መነኮሳት ታይገር እያሳደጉ ጎብኚን አብረው ፎቶግራፍ ያስነሱ ነበር፤ ቦታው የእምነት ቦታ በመሆኑ ብዙ ሰው አልተጠራጠረም። እ.ኤ.አ. በ2016 የመንግሥት ሠራተኞች ገብተው 137 ታይገሮችን ሲያወጡ በማቀዝቀዣ ውስጥ የ40 ግልገሎች ሬሳ አገኙ።

የአንበሳ ቡድን የሄደው ወደ ደቡብ አፍሪካ ነው። እዚያ ከ300 በላይ ማርቢያዎች ውስጥ 8,000 ገደማ አንበሶች ተይዘዋል። ግልገሎቹ በተወለዱ በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ከእናታቸው ይወሰዳሉ፤ እናቲቱ ቶሎ እንድትፀንስ ነው። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጡ ወጣቶች ግልገሎቹ እናት አልባ እንደሆኑ ተነግሯቸው በጡጦ ለማጥባት ይከፍላሉ፤ በጎ ፈቃደኛ ይባላሉ። ግልገሉ ሲጎረምስ ጎብኚ አብሮት ለመራመድ ይከፍላል። ሲጎለምስ፣ ማምለጫ በሌለው አጥር ውስጥ ተኩሶ ለሚገድለው አዳኝ ይሸጣል፤ አጥንቱ ወደ እስያ ይላካል። የአንዱ እንስሳ ዕድሜ አራት ጊዜ ተሸጠ ማለት ነው። መንግሥት ይህን ንግድ ለማስቆም መወሰኑን እ.ኤ.አ. በ2021 አስታውቋል፤ ማርቢያዎቹ ግን በአንድ ጀምበር አይዘጉም።

ከዚህ ጥናት በኋላ አባላቱ ራሳቸው ሦስት ጥያቄ አወጡ፤ የክበቡም መመሪያ ሆነ። እናቱ የት ናት? ማታ የት ያድራል? ሲያድግ ወይም ሲያረጅ ምን ይሆናል? እንስሳው ደስ ብሎት እንደሆነ መጠየቅን ሆን ብለን ተውነው፤ ለማያውቅ ዓይን የተሸነፈ እንስሳና የተደሰተ እንስሳ አንድ ይመስላሉና።

ጥርኝ የደረሰው ቡድን በቀላሉ የሚያልፍ መስሎት ነበር። በኢንዶኔዥያ የጥርኝ ዘመድ የሆነ የዱር እንስሳ የበሰለ የቡና ፍሬ ይበላል፤ ከፋንድያው የሚለቀመው ቡና በውድ ዋጋ ይሸጣል። ድሮ ከጫካ ይለቀም ነበር። አሁን በባሊ ለቱሪስት ሲባል እንስሳው በሽቦ ጎጆ ይታጎራል፤ በተፈጥሮው ብቸኛና የሌሊት ሆኖ ሳለ ቀን ለቀን እየተቀሰቀሰ ይታያል። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በ16 የባሊ እርሻዎች 48 እንስሳትን ተመልክቶ መሠረታዊውን የእንስሳት ደኅንነት መስፈርት ያሟላ እርሻ አላገኘም። ተማሪዎቹ በቁጣ ሲናገሩ ቆዩ፤ ከዚያ አንዱ ከጅማ የመጣ ልጅ አጎቱ ለዝባድ ጥርኝ ያረቡ እንደነበር ነገራቸው። በጠባብ ጎጆ፣ በእሳት ጭስ አጠገብ፣ በየጥቂት ቀኑ ዝባዱ በማንኪያ እየተጠረገ። ለሽቶ ወደ ፈረንሳይ የሚላከው ዝባድ የአገራችን ነባር ንግድ ነው። ቡድኑ የባሊን ጽሑፍ በማግስቱ እንደገና ጻፈው፤ አነጋገሩም በጣም ተስተካከለ።

ስለ አህያ ያጠናነው አጭር ነበር፤ ግሪክ እ.ኤ.አ. በ2018 በሳንቶሪኒ ደሴት ደረጃ የምትወጣ አህያ ከ100 ኪሎ ግራም ወይም ከራሷ ክብደት አንድ አምስተኛ በላይ እንዳትጫን ደንብ አወጣች። በዓለም ላይ ብዙ አህያ ያላት የእኛ አገር ናት። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ይህን ደንብ ይዘው የከተማችንን የጭነት አህዮች ሊመዝኑ ተነሡ። ሚዛን ስላጣን ቀረ።

በመጋቢት ወደ ባቢሌ የዝሆኖች መጠለያ ሄድን። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመው ይህ መጠለያ ከሐረር ብዙም አይርቅም፤ ግን ከአባሎቻችን መካከል ከዚያ በፊት ያየው አልነበረም። ከመሄዳችን በፊት ተማሪዎቹ ስለ ታይላንድ ዝሆኖች ወር ሙሉ አንብበዋል፤ የራሳቸውን ለማየት ልባቸው ተሰቅሎ ነበር። የመጠለያው ጠባቂ፣ ስካውቱ፣ በኤረር ሸለቆ ዳር አዞሩን። የታኘከ ቁልቋል አሳዩን፤ ገና ያልደረቀ ፋንድያ፣ በአሸዋ ላይ የታተመ ሰፊ ኮቴ፣ ቅርፊቱ የተላጠ ግራር አየን። ዝሆን አላየንም። ከሰዓት በኋላ አንዷ ተማሪ "ጋሼ፣ መቼ ነው የሚመጡት?" ብላ ስካውቱን ጠየቀቻቸው። "እነርሱ ሲፈልጉ" አሉ። በአውቶቡስ ስንመለስ ማጉረምረሙ ብዙ ነበር፤ የከፈልነው ገንዘብ ባከነ ያሉም አሉ። እኔ በዓመቱ ከሠራነው ሁሉ ይህን ጉዞ እመርጣለሁ። ለጎብኚ ያለመታየት ነፃነት ያለው ዝሆን በዚያ ሸለቆ አለ፤ የእርሻና የሰፈራ መስፋፋት ያንን ነፃነት በየዓመቱ እያጠበበው መሆኑን ስካውቱ ያለ ምንም ማጋነን ነግረውናል። ታይላንድ ያሉት ዝሆኖች ሰዓት እየተቆረጠላቸው ይታያሉ። በጉዞው ማግስት የተጻፉት ጽሑፎች ከዓመቱ ሁሉ የተሻሉ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ጅብ ላይ መድረሳችን አልቀረም። በዓለም ሁሉ እየዞርን ስንፈርድ ከቅጥራችን ጀርባ ያለውን መዝለል አንችልም። በሐረር ማታ ማታ ጅብ በቱሪስት ፊት ይመገባል፤ ጎብኚው ሥጋ የተሰካበትን እንጨት በአፉ ይዞ ጅቡ ይነጥቀዋል፤ አንዳንዴም ጀርባው ላይ ይወጣበታል። ሦስቱን ጥያቄ አቀረብን። እናቱ ከመንጋው ጋር በጉድጓዷ ናት። ማታ ደስ ባለው ይዞራል። ሲያረጅም ጅብ እንደሆነ ያረጃል። አልታሰረም፣ አልተገራም፣ ባይመጣ የሚያስገድደው የለም። ስለዚህ ብዙዎቹ በኩራት "እኛ ንጹሕ ነን" አሉ።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ብቻዋን ተቃወመች። አያቷ የሚኖሩበት የገጠር ቀበሌ ሰው ጅብን በመርዝ ይገድላል። "ከተማ ውስጥ ሰውን እንዳይፈራ ያስተማርነው ጅብ እዚያ ሲሄድ ምን ይጠብቀዋል?" አለች። መልስ የሰጣት አልነበረም። እኔ የጅብ መመገብ ልማድ ከአጥር ውስጥ አንበሳ ጋር አይወዳደርም ባይ ነኝ፤ ሐረርና ጅብ የተስማሙበት ነገር ቱሪስት ከመምጣቱ በፊት የነበረ ነው። ሥጋውን በአፍ መያዝ ግን ለጅቡም ለባህሉም የሚጨምረው ነገር የለም፤ ለፎቶግራፍ ብቻ የተፈጠረ ነው። ፊት ላይ የሚበራ የካሜራ ብልጭታም እንዲሁ። የከተማው አስጎብኚዎች በዚህ እንደማይስማሙ አውቃለሁ፤ ከእነርሱ አንዱ የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ ደውሎ ወቅሶኛል።

በግንቦት አንድ ገጽ በራሪ ወረቀት በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሐረሪና በእንግሊዝኛ አዘጋጅተን ለክረምት ከውጭ ለሚመጡ ዘመዶችና ወደ ዱባይ፣ ባንኮክ ወይም ጆሃንስበርግ ለሚሄዱ ወላጆች አከፋፍለናል። ሦስቱ ጥያቄዎች ከላይ ናቸው። ከሥር ደግሞ ከግልገል ጋር ፎቶግራፍ አለመነሳት፣ በሚጋለብ ዝሆን ላይ አለመቀመጥ፣ ከእንስሳ አካል የተሠራ ማስታወሻ አለመግዛትና የእንስሳት ፎቶግራፍ ለዘመድ ከመላክ በፊት ከየት እንደመጣ መጠየቅ ተጽፈዋል። ያቺ የዱባይ አክስት ወረቀቱን በስልክ ተቀብላ ለጓደኞቿ እንዳስተላለፈች ሰምተናል። የማተሚያ ቀለም አልቆብን የሐረሪው ቅጂ ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ወጥቷል፤ ቅሬታ ያላችሁ ወላጆች ትክክል ናችሁ።

ለመጪው ዓመት በኅዳር ወር ከከተማው አስጎብኚዎች ጋር ስለ ጅብ መመገብ የክርክር መድረክ ለማዘጋጀት ፈቃድ ጠይቀናል። የዘጠነኛ ክፍሏ ተማሪ ዋና ተናጋሪ ትሆናለች፤ በተቃራኒው ወገን የቀድሞ ተማሪዬን ጋብዤዋለሁ። አዲስ አባል መሆን የምትፈልጉ በመስከረም ሁለተኛ ሳምንት በቤተ መጻሕፍቱ ተመዝገቡ። የወላጅ ፈቃድ ወረቀት አትርሱ፤ ወደ ባቢሌ እንደገና እንሄዳለን።

የክበቡ ተጠሪ መምህር