ለአንኮበር ግንብ ገንዘቡ ከየት ይምጣ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የከተማችን ኮሚቴ ለቅርስ ጥገና ገንዘብ ከየት እናምጣ ብሎ እየመከረ ነው። ደስ ብሎኛል። ግን ከየቤቱ እኩል ይሰብሰብ የሚለው ሐሳብ አልተዋጠልኝም፤ ጎረቤቴ እማማ ገብስ ሸጠው ነው የሚያድሩት፣ ከባለሆቴሉ ጋር እንዴት እኩል ይከፍላሉ? ከጎብኚ ከሚገኘው ገቢ ይጀመር፣ የጎደለውን አቅም ያለው ይሙላ፣ ሂሳቡም በየወሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ደግሞ ሲሚንቶ ለመግዛት አትቸኩሉ። ባለፈው እሁድ ምኒልክ ወደ እንጦጦ ሳይሄዱ የኖሩበት ግቢ ወጥቼ በግንቡ ድንጋዮች መሃል ጣቴን ብሰድ ማያያዣው እንደ ዱቄት ረገፈ፣ አንጀቴን በላው። አሮጌ ግንብ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ ውስጡ ይታፈንና ድንጋዩ ይላጣል፤ የእኛን አገር ጉምና ዝናብ ታውቁታላችሁ። በአዋጅ 209/1992 መሠረትም ቅርስ የሚጠገነው በፈቃድ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ለባለሙያ ይከፈል፣ ያውም ክረምቱ ሳይገባ።

አንድ የአንኮበር ነዋሪ