ለአባባ፦ መኪናዋ ተሸጠች

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማማ "የአዲስ አበባ ሰው ሆነው ቀሩ ወይ በይልኝ" ብላለች። ደሴ ጉሟን ለብሳ ቁጭ ብላለች። የጦሳን ተራራ ካየነው ሦስት ቀን ሆነን።

ወሬውን ላላጓትትብዎት። ከቮልስ ቆርጠው ፖርሽ ስፓይደርን አስመስለው የሠሯት መኪና ተሸጠች። ሐሙስ ዕለት ስም ዞረ፣ ገንዘቡም ባንክ ገባ። 950 ሺህ ብር። በስልክ ያልነገርኩዎት ሆን ብዬ ነው። "በስንት?" ይሉኛል፣ ቁጥሩን እነግርዎታለሁ፣ ከዚያ ዝም ይላሉ። ያን ዝምታዎን ደግሞ አውቀዋለሁ። ስለዚህ በደብዳቤ ይሁን አልኩ። ተቆጥተው ሲያበቁ ቀሪውን ያነቡታል።

ከ1.2 ሚሊዮን በታች እንዳትሸጪ ብለውኝ ነበር። ያን ያህል የሚሰጥ ጠፍቶ አይደለም። 1.3 ያለም መጥቶ ነበር።

እሱን ያመጣው ደላላ ነው። ደላላው ገና ሸራውን ስንገልጠው "ይቺማ ፖርሽ ናት!" አለ። "አይደለችም፣ ቮልስ ናት" አልኩት። ሳቀና እኔን ትቶ የጎረቤታችንን ልጅ ማናገር ጀመረ። ልጁ ካንዴላና ካርቡራቶር አይለይም፤ በሩን ሊይዝልን ነው የመጣው። እሱም ግራ ሲገባው "እሷን ጠይቃት፣ እኔ እንጃ" አለው። ገዢ ተብዬው ደግሞ ከመኪናዋ ይልቅ ስልኩን ነው የሚያየው። በመጨረሻ ጉዳዩን አወጣው። አፍንጫዋ ላይ የፖርሽ ዓርማ ይለጠፍ፣ ከጀርመን የመጣች ናት የሚል ወረቀትም ጻፊልኝ አለ። ለሌላ ሰው አሳልፎ ሊሸጣት ነው። እውነተኛዋ በጨረታ ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደምታወጣ አንብቧል። እኔም ያኔ በእርስዎ አፍ መለስኩለት። ፖርሽ 550 ስፓይደር በፈረንጆቹ ከ1953 እስከ 1956 የተሠራችው 90 ያህል ብቻ ናት፣ ከዘጠናዋ አንዷ ደሴ ሰኞ ገበያ ምን ትሠራለች? ሊብሬው ላይ ያለው ቮልስዋገን ነው፣ እኔም ከዚያ ሌላ ወረቀት የለኝም። ተሳድቦ ሄደ።

እርስዎ ራስዎ ዓርማ አልለጥፍም ብለው አይደል በዚያ ቦታ ቁራጭ ላሜራ ላይ በምስማር "ደሴ" ብለው የጻፉት? የ"ሴ" ቀለበቷ ሳትዘጋ ቀርታ የሰፈር ልጆች እስከ ዛሬ "ደሲ" እያሉ ነው የሚያነቧት። ያቺን ነቅዬ የሰው ዓርማ ብለጥፍ እርስዎ ከአዲስ አበባ በእግርዎ ይመጡ ነበር። በዚያ ጉልበት።

ሁለተኛው ሆቴል ያለው ሰው ነው። ሰውየው ጨዋ ነው፣ 1.1 ሚሊዮን አለ። ሞተሯን አውጥቶ አፈር ሞልቶ አበባ ሊተክልባት ነው። ሆቴሉ በር ላይ። "ፎቶ ይነሡባታል" ይላል። እደውላለሁ አልኩትና አልደወልኩም። እዚህ ላይ ቢቆጡኝ እቀበላለሁ። በ2014ቱ ጦርነት ከተማው ሲያዝ ጭድ ቆልለንባት ያተረፍናት መኪና ናት፤ ጽጌረዳ ሲበቅልባት ማየት አልሆነልኝም።

ሦስተኛው ከኮምቦልቻ በሚኒባስ መጣ። የፋብሪካ ጥገና ሠራተኛ ነው፣ ወጣት። ገና የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ነው። ቀለሟን አላየም፣ ዋጋም አልጠየቀም። ካርቶን አነጠፈና ሥሯ ገባ። እግሩ ብቻ እየታየኝ አርባ ደቂቃ ያህል ቆምኩ። እማማ ሻይ አምጥታ "ተኛ እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ከታች ድምፅ መጣ፦ "ካምቢዮዋ ዞሮ ነው የተገጠመው። ኮሮናውን ማን አገላበጠው?"

አባባ፣ ወላሂ ልቤ ዘለለ። ይህን ጥያቄ እስከ ዛሬ የጠየቀን ሰው የለም።

ያን ቀን ያስታውሱታል? በቮልስ ሞተሩ ከኋላ ጎማው ጀርባ ነው የሚቀመጠው። እርስዎ እንደ ዋናዋ ስፓይደር ከጎማው ፊት፣ ከወንበሩ ኋላ ይሁን ብለው ሞተሩንም ካምቢዮውንም አንድ ላይ አዙረው ገጠሙት። ሰፈሩ ተሰብስቧል። ቡናው በረካ ላይ ደርሷል። አንደኛ ማርሽ አስገብተው ፍሪሲዮኑን ሲለቁ መኪናዋ ወደ ኋላ ተፈናጥራ የማገዶው ክምር ውስጥ ገባች። ሁለተኛ ሞከሩ፣ ባሰባት። አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ያላት የውድድር መኪና! ሰዉ በሳቅ ሲያልቅ እርስዎ ፊትዎ አልተፈታም። ወርደው አንድ ሲኒ ቡና ጠጡና "ኮሮናው ነው" አሉ። (ያኔ በሽታው ገና አልመጣም፤ ኮሮና ማለት የካምቢዮ ትልቁ ጥርስ ብቻ ነበር።) ካምቢዮውን በትነው ያን ጥርስ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ለማዞር አሥራ አንድ ቀን ፈጀብዎ። እኔ ባትሪ አበራልዎ ነበር። እጄ ሲዝል "ቀጥ አድርጊው!" ይሉኛል።

ይህን ሁሉ ነገርኩት። ከሥሯ ሳይወጣ ነው የሰማኝ።

አሁን የሚቆጡበት ጋ ደረስኩ። የቮልሱን ወለል ከ2 ሜትር ከ40 ወደ 2 ሜትር ከ10 ሲያሳጥሩ የበየዱበት ቦታ፣ ከግራው ወንበር ኋላ፣ የጣት ርዝመት ያህል ተሰንጥቋል። ልጁ አላየውም፣ ቀለም ተቀብቷል። እኔ ነኝ በጥፍሬ ቀለሙን ፍቄ ያሳየሁት። ቀለሙ ከሌላው አዲስ ነው አባባ። ማን እንደቀባው እኔና እርስዎ እናውቃለን። አልፈርድብዎትም፤ ሊበይዱት አስበው ጉልበትዎ እምቢ እንዳለ ይገባኛል። ግን ያ ልጅ በሐረጎ ቁልቁለት ሊነዳት ነው የሚገዛት። ዝም ብዬ እጄን ለውል አልዘረጋም። 250 ሺሁ የሄደው እዚያች የጣት ርዝመት ውስጥ ነው። እሱም ይህን ያህል ቀንሺ አላለም፤ ያለኝ ይህ ነው አለ፣ እኔም እሺ አልኩ።

ደግሞ ነዳናት። ሊያስወጣኝ አልፈለገም፣ "አንቺ ትሻያለሽ፣ ጠባይዋን ታውቂያለሽ" ብሎ መሪውን ሰጠኝ። ሐረጎ ላይ እንደተለመደው ዝናብ ያዘን። ጣሪያ የላትም፤ እሱ የእርስዎን ጥቁር ጃንጥላ ዘርግቶ ሁለታችንም ራሰን። ደሴ ላይ ስታቃስት የነበረች ሞተር ወደ ታች በወረድን ቁጥር ጉልበት አገኘች። ነገርኩት፦ ዋናዋ 1500 ሲሲ ሆና 110 የፈረስ ጉልበት ነበራት፣ የኛዋ 1300 ናት፣ 40 ብቻ። ከዚያም ላይ የደሴ 2500 ሜትር ከፍታ አንድ አራተኛውን ይበላባታል፣ አየሩ ስስ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ትሻላለች፣ ግን ካርቡራቶሯን ለደሴ አየር ነው ያስተካከሉት፣ እንደገና መስተካከል አለበት። ደብተር አውጥቶ ጻፈው። ደብተሩም ራሰ።

ኬላው ላይ ገመዱ ተወጥሮ ነበር። ቆምን። የፖርሽ ተወዳዳሪውን የሃንስ ሄርማንን ታሪክ እዚያ ነገርኩት። በፈረንጆቹ 1954 በሚሌ ሚሊያ የመኪና ውድድር ጣሊያን ውስጥ የባቡር መሻገሪያ አጥር ሲዘጋበት፣ ባቡሩ እየመጣ፣ ሄርማን ከአጠገቡ የተቀመጠውን የሥራ ባልደረባውን ራስ በእጁ ወደ ታች ተጭኖ በስፓይደሯ ከአጥሩ ሥር ሾልኮ አለፈ። እርስዎ ሲነግሩኝ ራሴን ይጫኑ እንደነበረው እኔም የልጁን ራስ ልጫን ምንም አልቀረኝም። ልጁ ገመዱን አየ፣ የመኪናዋን ቁመት አየ። "እኮ ታልፋለች" አለ። ፖሊሱ ሰምቶን ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ገመዱን ቶሎ አወረደልን።

ስለ ወረቀቱ ብዙ የምነግርዎት የለም። የሻንሲ ቁጥሩ የተመታበትን ብረት ሳይነኩ ማስቀረትዎ በጀን። ልጁ በቤንዚን ጨርቅ ጠርጎ አነበበው፣ ከሊብሬው ጋር ገጠመ፣ አለቀ። የቀረው ወረፋ መጠበቅ ብቻ ነበር።

እማማ እፎይ ብላለች። ጄምስ ዲን የሚባል የአሜሪካ ተዋናይ በፈረንጆቹ 1955 በእንዲህ ዓይነቷ መኪና መሞቱን እርስዎ ራስዎ ነግረዋት፣ ከዚያ ወዲህ "ሰው የበላች" ነበር የምትላት። ስትሄድ ግን በሩ ድረስ ወጥታ ሸኘቻት። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ገንዘቡን አልነካሁትም። ሐኪሙ ለጉልበትዎ የጠየቀውን እህቴ ነግራኛለች፣ ይበቃል፣ ይተርፋልም። "ደህና ነኝ፣ አያስፈልገኝም" እንዳይሉ። ባለፈው ዒድ ለመጨረሻ ጊዜ የተቀመጡባት ዕለት እኔና ጎረቤት እንደ ድንች ነቅለን ነው ያወጣንዎት።

"ደሴ" የምትለዋን ላሜራ ልነቅል መፍቻ ይዤ ነበር፣ ለእርስዎ ልልክልዎት። ልጁ "እሷን ካነሣሽ አልገዛም" አለ። ተውኳት።

አንድ ነገር ቀርቷል። ሁለተኛዋ ቁልፍ ጠፋችብኝ። የብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ አሮጌ ካንዴላ ብቻ ነው ያለው፣ የቀለም ቆርቆሮዎቹንም አንድ በአንድ ከፍቼ አየሁ። ልጁ ቅዳሜ ቁልፏን ሊወስድ ይመጣል። የት እንዳስቀመጧት ለእህቴ ይንገሯትና ትደውልልኝ።

ልጅዎ
ከደሴ