ጠላ በሁለት ቀን አይደርስም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ስለ ሰፈራችን የቅምሻ ዝግጅት ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ ነው የምጽፍላችሁ። ስለ ቺዙ፣ ስለ ማሩ፣ ስለ ቸኮሌቱና ስለ ቢራ ጠማቂዎቹ ወጣቶች የተጻፈው አንጀት የሚያርስ ነው። ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ። ለፍተው ነው እዚህ የደረሱት፤ ቢጻፍላቸው ሲያንሳቸው ነው።

ከዘገባው ማለቂያ አካባቢ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። «በሁለት ቀን በቀላሉ የሚደርሰው የቤት ጠላም ለእንግዶች ቀርቧል» ትላለች። ስለ እኛ፣ ስለ ጠላ ጠማቂዎቹ፣ የተጻፈው ይኸው ነው። ሌላ የለም።

ሁለት ቀን! ይህን ለዘጋቢያችሁ ማን ነገረው? ከጠማቂዎቹ አንዳችንንም አልጠየቀም። እኔ ከጠዋት ጀምሮ ከጠላው ጠረጴዛ አልተነሳሁም። መጣ፣ ፎቶ አነሳ፣ ተቀዳለት፣ ጠጣ፣ ሄደ።

እስቲ ከመጀመሪያው ልናገር። ጠላ የሚጀምረው ከብቅሉ ነው። ገብሱ ታጥቦ ይዘፈዘፋል። አድሮ ይወጣና በኮባ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ሦስት አራት ቀን ቆይቶ ይበቅላል። ከዚያ ይሰጣል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል። ዘጋቢው የቆጠራቸው ሁለት ቀኖች እዚህ ላይ አልቀዋል። ጋኑ ግን ገና አልታጠበም።

ጋኑ በግራዋ ይታሻል። አንዴ አይበቃም፤ ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወርድ ይደጋገማል። ቀጥሎ በወይራ ይታጠናል። ፍሙ ላይ የወይራ ስንጥር ይደረግና ጋኑ ይደፋበታል። ጠላ ወደ አፍ ሲጠጋ መጀመሪያ አፍንጫ የሚያገኘው ሽታ ከዚህ የመጣ ነው። በዕለቱ አንድ ወጣት ብርጭቆውን ደጋግሞ አሸተተና «እማማ፣ ይሄ ሽታ ከምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ጓደኞቹን ጠርቶ አስሸተታቸው። ለአንድ የቅምሻ ዘገባ ከዚህ የተሻለ ምን ወሬ ይገኛል? ዘጋቢያችሁ አጠገባቸው ቆሞ ነበር።

ከዚያ ጥንስሱ ይጣላል። የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል ከውሃ ጋር ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ብቅሉና የቂጣው ፍርፋሪ ይጨመርበታል። ቀጥሎ እንኩሮው፣ በውሃ ታሽቶ ምጣድ ላይ የሚታመሰው ዱቄት፣ አለ። እንኩሮ ማመስ ምን እንደሆነ የሠራ ያውቀዋል። ከምጣዱ ዘወር ካሉ ያራል፤ ካረረ ጠላው ይመራል። ቶሎ ካወጡት ደግሞ ቀለም የሌለው፣ ጣዕም የሌለው ይሆናል። ጢሱ ዓይን ያነዳል። ወገብ ይቆርጣል። እንኩሮው ከጥንስሱ ጋር ተደባልቆ ድፍድፍ ይሆናል፤ የጋኑ አፍ ተመርጎ ሳምንት ይቀመጣል፤ ብርድ ከሆነ ከዚያም ያልፋል። ውሃ የሚሞላው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ዘጋቢው የሰማው ምናልባት የመጨረሻውን ብቻ ይሆናል። ውሃ ከተሞላ በኋላ ጠላው በአንድ በሁለት ቀን ይጠራል፣ ይጠጣል። እንዲህ ከሆነ ስህተቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ግን ቺዙንስ «በአንድ ቀን የሚቆረጥ» ብላችሁታል? አላላችሁም። ስንት ወር መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ፣ በየስንት ቀኑ እንደሚገለበጥ፣ ባለቤቱ ሙያውን ከየት እንደተማረ ጻፋችሁ። ደግ አደረጋችሁ። አንባቢ ዋጋው ለምን ከፍ እንዳለ የሚገባው ይህን ሲያነብ ነው። ለእኛ ግን «በሁለት ቀን» እና «በቀላሉ» ተባለልን። ነገ አንድ ደጋሽ በሬን አንኳኩቶ «ሁለት ቀን ለሚፈጅ ነገር ይህን ያህል ብር?» ቢለኝ ምን ብዬ ልመልስለት? ጋዜጣ ላይ አንብቦታል እኮ።

ወደ ፎቶዎቹ ልምጣ። ስድስት ናቸው። በአምስቱ ሥር የሰው ስም ከነሙያው አለ። በስድስተኛው ሥር «አንዲት እናት ጠላ ሲቀዱ» ይላል።

እኚህ «አንዲት እናት» በሰፈራችን ሠርግ የሚደግስ ሰው መጀመሪያ የሚያማክራቸው ባለሙያ ናቸው። ልጆቻቸውን ያስተማሩት በጠላ ነው። ድፍድፍ መድረሱን ከሽታው እንዴት እንደማውቅ እኔን ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፤ ሳላስፈቅዳቸው ጋዜጣ ላይ ማውጣት አልወድም። ዘጋቢያችሁ ግን ፊት ለፊታቸው ቆሞ ነበር። «ስምዎን ማን ልበል?» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላል የአገራችን ሰው። ፎቶውን ሳሳያቸው ዝም ብለው አዩት። ከዚያ «ነጠላዬ ዘቅዝቋል» አሉና ስልኩን መለሱልኝ። እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ።

ዝግጅት ክፍላችሁ ደውዬ ነበር። ያነጋገረኝ ሰው ሁለት ምክንያት ሰጠኝ። አንደኛው «አልኮል ስለሆነ ማስተዋወቅ አንችልም» የሚል ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን እንደሚገድብ አውቃለሁ። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንደማይሸጥም አውቃለሁ። ጠረጴዛችን ጋ ልጅ መሳይ ሲመጣ መታወቂያ እየጠየቅን ነበር። ግን ዜና ማስታወቂያ አይደለም። ነው ከተባለም በዚያው ዘገባ ለወጣቶቹ ቢራ ሁለት ሙሉ አንቀጽ ሰጥታችኋል። ቢራው አልኮል የለውም? አዋጁ ጠርሙስን ፈቅዶ ጋንን ከለከለ?

ከእኛ ጎን ደግሞ አንዲት የወሎ ልጅ ቀሪቦ ይዛ ቀርባ ነበር። ቀሪቦ ጾመኛውም፣ ሙስሊሙም፣ ሕፃኑም የሚጠጣው፣ የማያሰክር የገብስ መጠጥ ነው። ከቀትር በፊት አለቀባት፤ ሰው እየመጣ ባዶ ማሰሮዋን አይቶ ይመለስ ነበር። እሷን ያስቀራት የትኛው አዋጅ ነው? ምክንያቱ አልኮሉ ቢሆን ኖሮ እሷ ከሁላችንም ቀድማ በተጻፈች ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት «የቤት መጠጥ ጥራቱ አይታወቅም» ነው። በዚህ ላይ በቁም ነገር ልነጋገር፤ ጥያቄው ተገቢ ነውና። አዎ፣ ጠጅ ላይ ስኳር የሚያበዛ አለ። ቀለም የሚጨምርም አለ። ድፍድፉ ሳይደርስ ውሃ ሞልቶ የሚሸጥ አለ፤ ጠጪው ሆዱን ይዞ ያድራል። ይህን ከማንም በላይ የምንጠላው እኛ ነን፤ ገበያችንን የሚያበላሽብን እሱ ነውና። ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? የጠመቀውን ሰው መጠየቅ ነው። ማሩ ከየት መጣ? ጌሾው የየት ነው? ጋኑ መቼ ታጠነ? ስማቸው የተጻፈ ሰዎች የሚያበላሹት ነገር ቢኖር ነገ ይጠየቃሉ። ስሟ ያልተጻፈ ሴት ብታበላሽ ማን ያገኛታል? ብታሳምርስ ማን ይመጣላታል? ጥራት ያሳስበናል ብላችሁ ባለሙያዋን ስም ማሳጣት እርስ በርሱ ይጋጫል።

ሌላም አለ። ዝግጅቱ ላይ ሌሎቹ ጠረጴዛ ተከራይተው ዕቃቸውን ሸጡ። እኛ የተጠራነው «ለእንግዶች አቀባበል» ተብለን ነው። የእህልና የማገዶ ወጪያችን ተሸፈነ። የጉልበት ሲባል ግን «ለእናንተም ጥሩ ማስታወቂያ ይሆንላችኋል» አሉን። ማስታወቂያው እንግዲህ «አንዲት እናት» ሆኖ ወጣ። የአገር ልብስ ለብሳችሁ ኑ ተባልን፣ ለብሰን ሄድን። ሌሎቹ ስማቸውን ሽርጣቸው ላይ አስጽፈው ቆመዋል። የእኛን ጠረጴዛ የጄነሬተሩ አጠገብ አደረጉት። በወይራ የታጠነ ጋን ናፍጣ ሲሸት ዋለ! ቦታ ቀይሩልን ብንል «ፕሮግራሙ ተጀምሯል» ተባልን። ይህ ሁሉ የአዘጋጆቹ ጥፋት እንጂ የእናንተ አይደለም። ግን ዘጋቢ ቦታው ድረስ የሚላከው እንዲህ ያለውን እንዲያይ አይደለም? ቲኬት ቆርጦ የገባ ሰው ጠላውን በነፃ እየጠጣ ነበር። ማን እንደከፈለበት የጠየቀ የለም። በጉልበታችን የከፈልነው እኛ ነን።

ልብ ብላችሁ ብታዩት የቅምሻ ዝግጅት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ጠላ ቤት የሄደ ሰው ሳይቀምስ አይገዛም። ቀጂዋ መጀመሪያ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ራሷ ትቀምሳለች፤ ከዚያ ለእንግዳው ትሰጣለች። ጉሹን የሚወድ አለ፣ የጠራውን የሚወድ አለ፣ ቀጭኑ ቅራሪ ይበቃኛል የሚል አለ። በአንድ ቤት ከአንድ ጋን ሦስት ዓይነት መጠጥ ይቀመሳል። የዛሬዎቹ ዝግጅቶች ቲኬትና ድንኳን ጨመሩበት። መልካም፤ ገበያ ያመጣል። ነገሩን ሲሠሩ የኖሩትን ሴቶች ከታሪኩ ማውጣት ግን ግፍ ነው።

ይህ ዝም ብሎ ቅር መሰኘት እንዳይመስላችሁ፤ የምፈራበት ምክንያት አለኝ። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርሱ ከቤቶቹ ጋር ጠላ ቤቶችም ተነሱ። ከእነዚያ ሰፈሮች የተነሱ ጠማቂዎችን አውቃለሁ። ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንኩሮ አይታመስም። ጎረቤት ጢሱን አይችለውም፤ ሊፈረድበትም አይገባም። የጋራ ማብሰያ ተብሎ የተሠራው ኮሙናል፣ እኔ በማውቀው ግቢ፣ ተከራይቶ መጋዘን ሆኗል። አንዷ ወዳጄ ጋኗን ለጎረቤት ሰጥታ ወጣች፤ በመኪና ሲጫን ይሰበራል ብላ ነው። አሁን በፕላስቲክ በርሜል ትጠምቃለች። ፕላስቲክ በወይራ አይታጠንም። ጠላው ጠላ ነው፣ ያ ሽታ ግን የለውም። ደንበኞቿ ስልክ ደውለው «የድሮው አይደለም» ይሏታል። እሷም ታውቀዋለች። ይህች ሴት «በሁለት ቀን በቀላሉ» የሚለውን ስታነብ ምን እንደሚሰማት አስቡት።

ሙያው ከእናት ወደ ልጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። ሴት ልጄ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች። ከእኔ ጋር ጌሾ ትወቅጣለች፣ ትችላለች። «ሙያዬ ጠላ ጠማቂ ነው» ለማለት ግን ታፍራለች። የወጣቶቹ ቢራ ጋዜጣ ላይ በስም ሲወጣ፣ የእናቷ ሥራ እንደ ውሃ ቀድቶ ማቅረብ ሲቆጠር እያየች እንዴት አታፍር? ወጣቶቹ ብቅል ያበቅላሉ፣ እኔም አበቅላለሁ። እነሱ መራራውን ከሆፕ ያገኛሉ፣ እኔ ከጌሾ። እነሱ በቴርሞሜትር የሚለኩትን እኔ እጄን ጋኑ ላይ አሳርፌ አውቀዋለሁ። ልጆቹ ራሳቸው መጥተው እንኩሮው እስከ ምን ድረስ እንደሚታመስ ጠይቀውኛል፤ ደብተር ይዘው ጽፈዋል። እነሱ የጠየቁትን ዘጋቢያችሁ ለምን አልጠየቀም?

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ዓረፍተ ነገሯን አርሙ፤ ዘገባው በወጣበት ገጽ ላይ፣ አንባቢ በሚያየው ቦታ። የእናታችንን ስም ራሳቸውን ጠይቃችሁ፣ ከፈቀዱ ጻፉት። ስልካቸው አዘጋጆቹ ጋር አለ። ቀሪቦ የምትሠራዋንም አትርሷት።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ዘጋቢያችሁን አንድ ሥራ ስጡልን። ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሱ ጠማቂዎች ዛሬ የት ሆነው እንደሚጠምቁ፣ እሳት የሚያነዱበት ቦታ እንዳገኙ፣ ኮሙናሎቹን ማን እንደያዛቸው ይጠይቅልን። የሚመለከተው ክፍል ለእኛ አይመልስም፤ ለጋዜጠኛ ግን ሊመልስ ይችላል። ጠላ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ከፈለገም ቤቴ ክፍት ነው። ለገና ብቅሉን ታኅሣሥ ሲገባ እንዘፈዝፋለን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይምጣ፤ እንኩሮ የሚታመስበት ቀን ላይ ደግሞ አሮጌ ልብስ ለብሶ ይምጣ።

አንዲት ጠላ ጠማቂ
ከጉለሌ፣ አዲስ አበባ