የአባባ ኮሶ

ይድረስ ለወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዝም ያልኩህ ተቀይሜ አይደለም። ሳይደውሉ ከቆዩ በኋላ መደወሉ ራሱ ያሳፍራል። አንተም ያው ስለሆንክ ተቻችለናል።

ወሬ ይዤ ነው የመጣሁት። አባባ ደጅ የነበረው ኮሶ ተቆረጠ። ጣውላ የሚሰነጥቁ ሰዎች ገዝተውት ነው አሉ።

«እሰይ!» እንደምትል አውቃለሁ። በዚያ በጉና ብርድ፣ ገና በማለዳ፣ በባዶ ሆድ! ለሆድ ትል መድኃኒት ተብሎ አበባው ተወቅጦ፣ በውሃ ተበጥብጦ በቅል ይቀርብልናል። አንተ አፍንጫህን ይዘህ ጭልጥ ታደርገዋለህ። እኔ ግማሹን ስደፋ ሌላ ይበጠበጥልኛል። አባባ ደግሞ ቆመው «ጥሬ ሥጋው ሲመጣ ግን ማን ነበር የተሻማው?» ይሉናል።

እሳቸው ለኮሶ ሌላም ሥራ ነበራቸው። ትዝ ይልሃል? አበዳሪያቸው ከበር ሲደርስ እኔን ይልኩኛል፤ «ኮሶ ጠጥተዋል በል»። ያኔ ኮሶ የጠጣ ሰው እንግዳ አይቀበልም ነበር፤ ሸንጎ ቢጠራው እንኳ ይታገሡት ነበር። ሰውየው አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል። በዚያ ዓመት አባባ የጠጡት ኮሶ ለአገር ይበቃ ነበር። ጓዳ ቁጭ ብለው ቆሎ እየቆረጠሙ!

ከዚያ ክኒን መጣ፤ ተገላገልን። እውነቱን ለመናገር ክኒኑ ይሻላል፤ ኮሶ መጠኑ ካለፈ ክፉ ነው። ግን ዛፉን ይጠብቀው የነበረው መድኃኒትነቱ ነበር። ማንም የማይጠጣው ዛፍ ጣውላ ብቻ ሆነ፤ ጣውላው ደግሞ ቀላ ያለ፣ ለቁም ሳጥን የሚፈለግ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶን ከዋንዛ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር አትቁረጡ ብሎ ነበር፤ ያ ግን ለመንግሥት ደን ነበር። የአባባን አጥር ማን ይቆጥረዋል? አሁን ቦታው ላይ ባሕር ዛፍ ተተክሏል። አልፈርድም፤ ባሕር ዛፍ ቶሎ ይደርሳል፣ ልጅ ያስተምራል።

እኔ ግን ከፋኝ። ስጠላው የኖርኩትን ዛፍ እንዲህ እናፍቃለሁ ብዬ አላሰብኩም።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የአክስቴ ልጅ ችግኝ ታፈላለች፤ ዘር ካገኘሁ እሞክራለሁ ብላኛለች። ችግሩ ኮሶ ወንዴና ሴቴው ለየብቻ ነው፤ ዘር የምትይዘው ሴቴዋ ናት። የአባባ ሴቴ ነበረች፤ መድኃኒቱ ከእሷ ነበር የሚለቀመው። በእናንተ ጓሮ ከወንዙ በኩል ያለውስ? አበባው እንደ ሴቴዋ ቀይ ነበር ወይስ እንደ ወንዴው ነጣ ያለ? እኔ ተምታታብኝ። እማማን ጠይቅልኝ፤ እሳቸው አይስቱም። ዛፉ ካለ፣ ሴቴም ከሆነች፣ ዘሩ ሳይረግፍ ሰው እልካለሁ። የእማማን ስልክ ቁጥርም ላክልኝ፤ የነበረኝ ከአሮጌው ስልኬ ጋር ጠፍቷል።

ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬን አቅርብልኝ።

ወዳጅህ