ለሚዜዎች በሙሉ፦ ስለ ኪልቶቹ አያያዝ

ውድ ሚዜዎች፣

ለቅዳሜው ሠርግ የተከራየናቸው ኪልቶች (የስኮትላንድ ወንዶች ባህላዊ ባለ እጥፋት ጉርድ ቀሚሶች) ሳይጨማደዱ ኢንቨርነስ እንዲደርሱ ይህን መልእክት ልኬላችኋለሁ። ዓርብ ጠዋት በ3 ሰዓት (በዚህ አገር አቆጣጠር 9፡00) በኤድንብራ ዌቨርሊ ባቡር ጣቢያ እንገናኛለን፤ ጉዞው ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ስለሚፈጅ ኪልቱ ሐሙስ ማታ ተጠቅልሎ ይደር።

ሙሉ ኪልት 8 ያርድ፣ ማለትም ከ7 ሜትር በላይ የሱፍ ጨርቅ የሚወስድ ሲሆን፣ ውበቱ ያለው ከኋላ በተደረደሩት እጥፋቶች ላይ በመሆኑ፣ እንደ ሱሪ አጥፋችሁ ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱት አደራ እላለሁ። ከፊት ያለውን መርፌ ቁልፍ አውልቁ፤ ኪልቱን አልጋ ላይ ዘርግታችሁ እጥፋቶቹን አንድ በአንድ አስተካክሉ፤ ከታችኛው ጠርዝ ከፍ ብላችሁም በቀላሉ በሚፈታ ክር፣ ላላ ባለ ስፌት ለጊዜው ያዟቸው። ከዚያም እጥፋቶቹ በቁመታቸው ሳይታጠፉ እንዲቆዩ፣ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው እንደ ምንጣፍ ጠቅልላችሁ፣ እግሩ በተቆረጠ የሴት ስቶኪንግ ውስጥ አስገቡት። ቀበቶውና ስፖራኑ (ከፊት የሚንጠለጠለው ትንሽ ቦርሳ) ለብቻቸው ይያዙ።

እንደደረስን ክሩን ፈትታችሁ ኪልቱን ከወገቡ ላይ በመቆንጠጫ ማንጠልጠያ ስቀሉት። ካውያ ካስፈለገ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ ተኩሱት እንጂ ሱፉን በቀጥታ አታስነኩት፤ ያብለጨልጨዋል።

መርፌና ክር ወይም መቆንጠጫ ያለው ማንጠልጠያ የሌላችሁ፣ ገዝቼ እንዳመጣ እስከ ረቡዕ ማታ እዚሁ መልሱልኝ።