ወረኢሉን ለሁለት የሚቆርጠው ነጠላ ጥቅስ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ደሴ ከተማ ውስጥ ለሱቆችና ለትንንሽ ድርጅቶች ድረ ገጽ እየሠራሁ የምተዳደር ሰው ነኝ። የምጽፍልዎ ብዙዎቻችን «ሲስተሙ አስቸገረ» ብለን ስለምናልፈው አንድ ነገር ነው።

ባለፈው ወር የእህቴን ልጅ መረጃ በአንድ መሥሪያ ቤት የኦንላይን ቅጽ ላይ ሞላሁ። ቅጹ የትውልድ ቦታን በላቲን ፊደል ስለሚጠይቅ፣ ወረኢሉን አንዳንዶቻችን እንደምንጽፈው፣ ከ«ወረ» ቀጥሎ ነጠላ ጥቅስ አግብቼ «ኢሉ»ን አስከተልሁ። ለማረም ተመልሼ ስከፍተው ሳጥኑ ውስጥ የቀረው «ወረ» ብቻ ነበር። ሳላስተውል «አስቀምጥ» የሚለውን ብጫን ኖሮ የልጁ አገር በዳታቤዙ ውስጥ ተቆርጦ ይቀር ነበር። ስደውል የተሰጠኝ መልስ «ምልክቱን አይጠቀሙ» የሚል ነው።

ጥፋቱ ግን ቅጹን የሞላው ሰው አይደለም። ሰርቨሩ ላይ ያለው ኮድ የሳጥኑን ይዘት በነጠላ ጥቅስ ከፍቶ በነጠላ ጥቅስ ስለሚዘጋ፣ ብራውዘሩ (ድረ ገጹን የምናይበት ፕሮግራም) ከስሙ መካከል ያለውን ጥቅስ እንደ መዝጊያ ይቆጥርና የተረፈውን ከሳጥኑ ውጭ ያስቀረዋል። በድርብ ጥቅስ የሚከፍት ኮድም ቴሌቪዥን ሻጩ 32 ኢንች ለማለት 32" ብሎ ሲጽፍ እንዲሁ ይሰበራል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ተንኮለኛ ሰው ጥቅሱን ሆን ብሎ ዘግቶ በገጹ ላይ የሚሠራ የራሱን የጃቫስክሪፕት (የፕሮግራም ቋንቋ) ትእዛዝ ሊያስከትልበት መቻሉ ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው « » እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም።

መፍትሔው ጽሑፉ ወደ ገጹ በሚወጣበት ሰዓት ጥቅሶቹን " እና ' ወደሚሉት ኮዶች መለወጥ ነው፤ ብራውዘሩ እነዚህን መልሶ እንደ ተራ ጥቅስ ያሳያቸዋል። ብዙ ድረ ገጽ በሚሠራበት ፒኤችፒ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ይህን የሚሠራው ኤችቲኤምኤልስፔሻልቻርስ የተባለው ፈንክሽን (ዝግጁ ትእዛዝ) ነው። ይሁን እንጂ ኅዳር 2014 ዓ.ም. ከወጣው ፒኤችፒ 8.1 በፊት በነበሩት ስሪቶች፣ ለይተው ካላዘዙት በቀር፣ ድርቡን ብቻ ለውጦ ነጠላውን እንዳለ ይተወው ነበር። እኔም ፈንክሽኑን ከጠራሁ ሥራዬን የጨረስሁ እየመሰለኝ ብዙ ገጽ እንደሠራሁ አልደብቅም። አንዳንድ ባለሙያዎች ደግሞ ለውጡን ወደ ዳታቤዝ ሲያስገቡ ያደርጉታል፤ ሲወጣ ዳግመኛ ይለወጥና በታተመ ማስረጃ ላይ ከሰው ስም መካከል ' ተጽፎ ይገኛል።

ስለዚህ ቅጽ የሚያዘጋጁ መሥሪያ ቤቶች ለሕዝብ ከመክፈታቸው በፊት ወረኢሉን ከነጥቅሱ ጽፈው፣ አስቀምጠው፣ መልሰው ከፍተው እንዲያዩት በጋዜጣዎ በኩል እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የድረ ገጽ ባለሙያ፣ ከደሴ